የመንገድ ስፋት፣ የፎቅ ብዛት፣ የጎረቤት ክርክር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ወደ አንድ ጉዳይ ይመለሳሉ። በሠፈሩ የብስክሌት መስመር ሊዘረጋ ነው ይባላል፤ ብዙም ሳይቆይ ዝቅተኛ ቤቶች ባሉበት ቦታ ፎቅ እንዲሠራ ይፈቀዳል፤ ለሁለቱም የሚሰጠው ምክንያት የአየር ንብረት ለውጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ከጎረቤት ይካረራል። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ እኛ መስመሩም ይዘርጋ፣ ፎቁም ይሠራ ባዮች ነን። ተቃዋሚው ልክ የሚሆንባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ እነሱንም ሳንሸፋፍን እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ መንገዳችን ከአጥር እስከ አጥር 14 ሜትር ነው። አሁን በግራም በቀኝም መኪና ይቆማል። አዲሱ ዕቅድ በሁለቱም ወገን የብስክሌት መስመር ያወጣና በአንዱ ወገን ያለውን የመኪና ማቆሚያ እንዳለ ይተወዋል። መሐንዲሱ ይበቃል ይላል፤ ጎረቤቶቼ አይበቃም ይላሉ። ማን ነው ልክ?
*የነዋሪዎች ኮሚቴ አባል*

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ ናቸው ልክ። እንደምረው። የእግረኛ መንገድ በየወገኑ 1.8 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች የሚተላለፉት በዚህ ስፋት ነው። ይህ 3.6 ሜትር ወሰደ። የመኪና መስመር በከተማ ውስጥ 3 ሜትር ስለሚበቃው ሁለቱ 6 ሜትር ይይዛሉ። የቆመ መኪና ደግሞ 2 ሜትር። እስካሁን 11.6 ሜትር ሄዷል። የቀረው 2.4 ሜትር ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዱ የብስክሌት መስመር 1.2 ሜትር ይደርሰዋል።

የብስክሌት መሪ ብቻውን ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ነጂው ሲረግጥ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ስለማይቀር በተግባር 1 ሜትር ያህል ይይዛል። የመኪና በር ሲከፈት ወደ 1 ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ይወጣል። እንግዲህ በቆሙት መኪኖች በኩል ያለው 1.2 ሜትር መስመር ከሞላ ጎደል በሩ በሚከፈትበት ክልል ውስጥ ወደቀ ማለት ነው። እንዲህ ያለው መስመር ባይሠራ ይሻላል። ቀለም የተቀባ መንገድ ያየ ጀማሪ ደኅና ነው ብሎ አምኖ ይገባበታል፤ የሚገባው ግን በሩ ወደሚመታበት ቦታ ነው።

ይህ ማለት ግን 14 ሜትር ለብስክሌት አይሆንም ማለት አይደለም። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ማቆሚያውን ከሁለቱም ወገን ማንሳት ነው፦ 6 ሜትር ለመኪና፣ 3.6 ለእግረኛ፣ የቀረው 4.4 ሜትር በየወገኑ 1.7 ሜትር መስመርና 50 ሳንቲ ሜትር መለያ ይሆናል። ሁለተኛው ለመኪና አንድ አቅጣጫ ብቻ ማድረግ ነው፦ የእሳት አደጋ መኪና እንዲያልፍ 3.5 ሜትር ለተሽከርካሪ፣ 3.6 ለእግረኛ፣ 2 ለማቆሚያ፤ ከቆሙት መኪኖች ጎን 80 ሳንቲ ሜትር መለያና 1.7 ሜትር መስመር፤ በሌላው ወገን 50 ሳንቲ ሜትር መለያና 1.9 ሜትር መስመር። ድምሩ ልክ 14 ነው። ሦስተኛው የተለየ መስመር ጨርሶ አለመሥራት ነው። በቀን ከ2,000 የማይበልጥ መኪና የሚያልፍ ከሆነና ፍጥነቱ በእውነት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከወረደ ብስክሌትና መኪና አንድ መንገድ ሊጋሩ ይችላሉ።

«በእውነት» ያልነው ምልክት መትከል ብቻውን ፍጥነት ስለማይቀንስ ነው። ፍጥነትን የሚቀንሰው ጉብታ፣ የጠበበ መግቢያና የተጣመመ አካሄድ ነው። የፍጥነቱ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ይመልከቱ፦ በደረቅ አስፋልት ላይ በ30 የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ ለመንቃት አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በ13 ሜትር ገደማ ውስጥ ቆሟል። በ50 የሚሄደው እዚያው 13 ሜትር ላይ ሲደርስ ፍሬን ገና አልያዘም፤ ለመቆም 28 ሜትር ይፈጅበታል።

በመጨረሻም፣ 14 ሜትር የሚለው ቁጥር ከካርታ የተወሰደ ከሆነ አይመኑት። ሜትር ይዘው በየ20 ሜትሩ ይለኩ፤ ውሳኔውን የሚወስነው ጠባቡ ቦታ እንጂ አማካዩ አይደለም። ምሰሶ፣ የዛፍ ግንድና ከግቢ የወጣ ደረጃ የሚነጥቁትን ስፋት ለየብቻ ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ሱቄ ፊት ለፊት ያለው መኪና ማቆሚያ ይነሣል ተባለ። ደንበኛዬ ሁሉ በመኪና ነው የሚመጣው። ልዘጋ ነው ወይ?
*የሱቅ ባለቤት*

መልስ፦ ከመደምደምዎ በፊት ሦስት የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ይቁጠሩ። ሒሳብ ላይ ያለው ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ገዢ «በምን መጡ?» ብሎ ይጠይቅና በአራት ዓምድ ምልክት ያድርግ፦ በእግር፣ በአውቶቡስ፣ በብስክሌት፣ በመኪና። አጠገቡ የከፈለውን ገንዘብ ይጻፍ። ነጋዴዎች በመኪና የሚመጣውን ደንበኛ ከእውነተኛው ቁጥር አብልጠው እንደሚገምቱ በተለያዩ ከተሞች ተደጋግሞ ታይቷል። የእርስዎ ሱቅ ከዚህ የተለየ ከሆነ ደግሞ በስብሰባው ላይ የሚያቀርቡት ማስረጃ ይኖርዎታል።

ቀጥሎ ደጃፍዎ ላይ የሚቆመው መኪና የማን እንደሆነ ይዩ። በየግማሽ ሰዓቱ የሰሌዳውን የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ይመዝግቡ። ያው መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ከቆመ ቦታው ደንበኛ እያመጣልዎ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤት ሱቅ ሠራተኛ ወይም የራስዎ ሰው መኪና ሆኖ ይገኛል። ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚያስቆም ቦታ ግን በ10 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 መኪና ያስተናግዳል። አንድ ቦታ በጊዜ ገደብ ከአምስት ቦታ ያለ ገደብ የበለጠ ሊያገለግል ይችላል።

ለመስመሩ ደጋፊዎችም የምንለው አለን፦ የሸቀጥ ማራገፊያ ያልታሰበበት ዕቅድ ይዛችሁ አትምጡ። የጭነት መኪናው ማራገፉ አይቀርም። ቦታ ካልተሰጠው የሚቆመው መስመሩ ላይ ነው፤ ብስክሌተኛው እሱን ለማለፍ ወደ መኪኖቹ መሐል ይወጣል፤ ከዚያ መስመሩ ራሱ ጥፋተኛ ይባላል። በጎን መንገዱ ላይ፣ ከሱቆቹ በ50 ሜትር ውስጥ፣ 12 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የ20 ደቂቃ ማራገፊያ ይጠይቁ። ጋሪ ያለ ደረጃ እንዲወጣ የጠርዝ ድንጋዩ በዚያ በኩል ዝቅ ማለት አለበት። አንድ የመኪና ቦታ ደግሞ 10 ብስክሌት ስለሚይዝ፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ቅስት የብረት ማሠሪያዎች በየ1 ሜትሩ ይተከሉበት።

ጥያቄ፦ በሠፈራችን መስመሩ በጠርዝ ድንጋይ ከመኪናው ተለይቷል። ሆኖም በመስቀለኛው ላይ የጭነት መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ብስክሌተኛ ገጨ። ታዲያ ምን ጠቀመ?

መልስ፦ ጠርዙ የሚከላከለው በመንገዱ መሐል ነው፤ ግጭቱ የሚበዛው ግን መታጠፊያው ላይ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር በቀኝ ጎኑ፣ ከጋቢናው ሥር ያለውን ሰው በስፖኪዮ ላያየው ይችላል። መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ማዕዘኑን ቆርጦ ያልፋል፤ ፊተኛው ጎማ የሳተውን ሰው የኋላው ይደርስበታል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የብስክሌት መሻገሪያው ከመኪናው መስመር 5 ሜትር ያህል፣ ማለትም አንድ መኪና የሚያስቆም ርቀት፣ ወደ ውስጥ ገባ ይበል፤ ያኔ ሹፌሩ ታጥፎ ከጨረሰ በኋላ ብስክሌተኛውን ከፊቱ ያየዋል። የማዕዘኑ ጥምዝ ራዲየስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ከሆነ በፍጥነት መታጠፍ አይቻልም። ትልልቅ መኪና የግድ የሚያልፍበት ከሆነ ማዕዘኑ ላይ ትልቁ ብቻ የሚረግጠው ዝቅ ያለ የድንጋይ ንጣፍ ይጨመራል። መሻገሪያው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከመታጠፊያው በፊት ባሉት 10 ሜትሮች ማንም መኪና አይቁም። የትራፊክ መብራት ካለ ብስክሌቱ ከ4 እስከ 5 ሰከንድ ቀድሞ አረንጓዴ ይብራለት።

ዕቅዱ ሲቀርብልዎ በመጀመሪያ የመስቀለኛውን ሥዕል ይጠይቁ። የመንገዱ መሐል ብቻ ተሥሎ መስቀለኛው ላይ መስመሩ የሚቋረጥ ከሆነ ከባዱ ሥራ አልተጀመረም። እግረ መንገድዎን የዝናብ ውኃ መውረጃዎቹን ፍርግርግ ይመልከቱ፤ ቀዳዳቸው በጉዞው አቅጣጫ ከሆነ ቀጭን ጎማ ይሰነቀርበታል፤ ወደ አግድም መዞር አለባቸው።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ። የብስክሌት መስመሩ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ስለሚያልፍ ከአውቶቡስ ወርጄ ድምፅ የሌለው ነገር እየበረረ የሚያልፍበትን መሻገር አለብኝ። ስናገር የልማት ፀር ተባልኩ።

መልስ፦ የተባሉት ነገር አግባብ አይደለም፤ ጥያቄዎ የዲዛይን ጥያቄ ነው። መስመሩ ከፌርማታው ጀርባ መዞሩ ብስክሌተኛውን ከአውቶቡሱ ሥር ያድነዋል፤ ተሳፋሪውን ግን ለአደጋ መዳረግ የለበትም። በዚያ ቦታ መስመሩ ጠበብ ብሎና ከፍ ብሎ ከእግረኛው መንገድ ጋር መስተካከል፣ ዜብራ መቀባት፣ በሁለቱም ወገን በእግርና በዘንግ የሚለይ ጎርባጣ ንጣፍ መነጠፍ አለበት። ተሳፋሪ የሚጠብቅበት ደሴት ከ2.5 ሜትር ባይጠብ ይመረጣል። ከፌርማታው ውጭ በእግረኛው መንገድና በመስመሩ መካከል ቢያንስ 6 ሳንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት ይኑር፤ ከዚያ ያነሰውን ዘንግ ሊስተው ይችላል። ቀለም ብቻ ለእርስዎ ምንም አይናገርም። ቦታው ጠቦ ይህ ሁሉ የማይገባ ከሆነ ፌርማታው ወደ ሰፊ ቦታ ይዛወር።

ጥያቄ፦ በሠፈራችን በየግቢው አንድ ቤት ነው ያለው፤ ግቢው 500 ካሬ ሜትር ይሆናል። አሁን ምድሩን ጨምሮ እስከ አራት ወለል ይፈቀድ ተብሏል። ስንት ቤተሰብ ሊጨመር ነው? ፍሳሹስ? መኪናውስ የት ሊገባ ነው? የፎቁ ጥላስ?
*የቤት ባለቤቶች*

መልስ፦ ግማሹ ግቢ ላይ ቢገነባ 250 ካሬ ነው፤ በአራት ወለል 1,000። ደረጃ፣ መተላለፊያና ግድግዳ 20 በመቶ ቢወስዱ 800 ካሬ ይቀራል። ቤቱ በአማካይ 80 ካሬ ከሆነ 10 ቤት ማለት ነው። በአንድ ቤት ፋንታ አሥር መሆኑ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ሁሉም ባለቤት በአንድ ዓመት አፍርሶ አይሠራም። ከ100 ግቢ 20ው ቢሠሩ ሠፈሩ ከ100 ወደ 280 ቤት ያድጋል። መንገዱ ሲጨመር ቦታው 7 ሄክታር ያህል ቢሆን ከ14 ወደ 40 ቤት በሄክታር አለ ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ አውቶቡስ ተሳፋሪ የሚያገኘው በሄክታር ከ35 እስከ 40 ቤት ሲኖር እንደሆነ በዘርፉ ይታሰባል። ከዚያ በታች አውቶቡሱ ይዘገያል፤ ስለሚዘገይም ሰው መኪና ይገዛል።

ብዛት ሲባል ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ብቻ የሚታያቸው አሉ። የባርሴሎና ኤሻምፕላ ሠፈር፣ በ1859 እ.ኤ.አ. በወጣ ዕቅድ መሠረት የተገነባው፣ አብዛኛው ሕንፃው ከስድስት እስከ ስምንት ወለል ቢሆንም በአውሮፓ እጅግ ሰው ከሰፈረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሕንፃዎቹ ተጠጋግተው በመንገዱ ዳር ስለተሠሩ ነው።

ወደ ፍሳሹ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በተሳሳተው ቱቦ ነው። በተጨመሩት ቤቶች 800 ሰው ቢገባና እያንዳንዱ በቀን 100 ሊትር ፍሳሽ ቢያወጣ 80,000 ሊትር ነው። በሰከንድ ሲሰላ 1 ሊትር አይሞላም፤ በጠዋቱ ግርግር አራት እጥፍ ቢሆን እንኳ 4 ሊትር አይደርስም። በ1 በመቶ ተዳፋት የተቀበረ ንጹሕ የ150 ሚሊ ሜትር ቱቦ በሰከንድ 15 ሊትር ያህል ያሳልፋል። አሁን ዝናቡን እንይ። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ በ1,000 ካሬ ጣሪያና ኮንክሪት ላይ ሲወርድ በሰከንድ 14 ሊትር ይሆናል። ስምንት መቶ ሰው ሩቡን የሞላውን ቱቦ፣ ጣሪያቸውንና የተነጠፈ ግቢያቸውን ከፍሳሽ መስመር ጋር ያገናኙ ሁለት ግቢዎች ብቻቸውን ሊሞሉት ምንም አይቀራቸውም። ማንሆል ክዳኑን ገፍቶ የሚወጣው ቆሻሻ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ስለዚህ ፎቁን ከማስቆም ይልቅ ሦስት ግዴታ ያስገቡ። ጣሪያው ከፍሳሽ መስመር ጋር አይገናኝ። ለ250 ካሬ ጣሪያ 5,000 ሊትር ታንከር ይቀመጥ፤ የመጀመሪያውን 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይይዝና በጠባብ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይለቅቃል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባዶ መሆን አለበት፤ ለማጠራቀሚያ ተብሎ ሞልቶ የተቀመጠ ታንከር ለሚቀጥለው ዝናብ አይጠቅምም። ከግቢው 30 በመቶው ያልተነጠፈ አፈር ይሁን። ነባሩ መስመር ጤናማ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የፍሳሽ ባለሙያዎች ያንኑ ማንሆል በደረቅ ቀንና በከባድ ዝናብ ከፍተው የውኃውን ከፍታ እንዲለኩ በጽሑፍ ይጠይቁ። በዝናብ ጊዜ በብዙ እጥፍ ከጨመረ የዝናብ ውኃ እየገባበት ነው፤ ያ ደግሞ አዲስ ፎቅ ሳይመጣ መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው።

የመኪናው ጉዳይ ከሁሉም የከፋው ነው። የአንድ መኪና ቦታ 2.5 በ5 ሜትር ቢሆንም መዞሪያው ሲጨመር ከ25 እስከ 30 ካሬ ይደርሳል። ደንቡ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መኪና ካስገደደ 10 ቤት ከ250 እስከ 300 ካሬ ይፈልጋል፤ ያልተገነባው የግቢው ግማሽ በሙሉ አለቀ። ዛፍም፣ አፈርም፣ የልጆች መጫወቻም የለም። ከምድር በታች ይቆፈር ቢባል 3 ሜትር ለመውረድ በ15 በመቶ ተዳፋት 20 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል፤ ግቢው 20 በ25 ሜትር ከሆነ መወጣጫው ከዳር እስከ ዳር ደረሰ። ወጪው በቤቱ ዋጋ ላይ ይገባል፤ መኪና የሌለው ቤተሰብም ይከፍለዋል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካዋ ከተማ ሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ግዴታ ከከተማው ሁሉ አንሥታለች።

ግዴታው ተነሥቶ መንገድ ዳር ማቆም በነፃ ከቀጠለ ግን መኪኖቹ ወደ መንገዱ ይፈሳሉ፤ ይህን የሚሉት ተቃዋሚዎች ትክክል ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ የብስክሌት መስመር ሊያልፍ ታስቧል። ሁለቱን ጉዳዮች ሁለት ክፍሎች ለየብቻ ሲያቅዱ ፀቡ የሚወለደው እዚህ ነው። የማቆሚያው ፈቃድ፣ ክፍያና የነዋሪው ድርሻ ከፎቁ ፈቃድና ከመስመሩ ዕቅድ ጋር በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ካርታ ላይ ይወሰን።

ስለ ጥላው፦ 13 ሜትር ሕንፃ ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን 13 ሜትር፣ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን 22 ሜትር ጥላ ይጥላል። የላይኛው ወለል ከ2 እስከ 3 ሜትር ወደ ኋላ ቢሸሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አንዲት መንገድ ላይ መስመር ተቀብቶ የዓለም የአየር ንብረት ይድናል? ለዚያውም ለመስመሩ ሲባል ትልልቅ ዛፎች ሊቆረጡ ነው።

መልስ፦ አይድንም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በቀን 10 ኪሎ ሜትር ለ250 ቀን በመኪና ይመላለስ የነበረ ሰው፣ መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢፈጅ፣ በዓመት 200 ሊትር ወይም 460 ኪሎ ግራም ያስቀራል። መቶ ሰው ቢሆን 46 ቶን። ከምንም ይሻላል፤ በዓለም ሚዛን ግን አይታይም። የሚታየው መንገዱ ከሌላው፣ ሌላው ከሦስተኛው ሲያያዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከኃይል አጠቃቀም ከሚመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 23 በመቶው ከትራንስፖርት ነው፤ ከዚህም 70 በመቶው ከመንገድ ተሽከርካሪ ነው። በሠፈር ስብሰባ ላይ ግን ስለ ዓለም ሙቀት ከመናገር ልጅ በደኅና ትምህርት ቤት ስለመድረሱ መናገር ይቀድማል፤ ያንን ማንም በዓይኑ ማየት ይችላል።

ዛፉን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር ነን። ትልቅ ዛፍ ቆርጦ ችግኝ መትከል መተካት አይባልም። የተለመደው መለኪያ ከግንዱ ዙሪያ የውፍረቱን 12 እጥፍ አለመቆፈር ነው፤ ግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር 4.8 ሜትር። በዚያ ክልል መስመሩ ሳይቆፈር ውኃ በሚያሳልፍ ንጣፍ ይለፍ፤ ወይም ጥቂት ሜትር ጎንበስ ብሎ ዛፉን ይዙር። ከመቁረጥ በፊት የሚነሣው የቆመ መኪና መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ስብሰባው ሁልጊዜ በጩኸት ይበተናል። «ለስድስት ወር እንሞክረው» የሚል ሐሳብ መጥቷል። እንዴት ቢደረግ ነው የሚያስማማው?

መልስ፦ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የሚለካውንና ውጤቱ ስንት ቢሆን መስመሩ እንደሚቀር ወይም እንደሚነሣ በቃለ ጉባኤ ይጻፉ። ከተጀመረ በኋላ የሚወጣ መለኪያ ማንንም አያሳምንም።

ቆጠራው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በዓል በሌለበት ሳምንት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው ይመዝገብ። እግረኛ፣ ብስክሌት፣ መኪና፣ አውቶቡስ በየራሳቸው። አውቶቡሱ ስንት ሰው እንደጫነ ይገመት፤ የሚቆጠረው ሰው እንጂ ጎማ አይደለም። ከዋናው መንገድ ጋር ጎን መንገዶቹም በአንድ ቀን ይቆጠሩ፤ «መኪናው ወደ እኛ በር ተገፋ» የሚለው አቤቱታ መልስ የሚያገኘው በዚህ ብቻ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪታኒያ ጥናት ለመኪና የሚውለው መንገድ የተቀነሰባቸውን ከ70 በላይ ቦታዎች መርምሮ፣ በግማሾቹ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆነው መኪና በአካባቢው መንገዶችም እንዳልታየ አግኝቷል። በሌሎቹ ግን ያን ያህል አልቀነሰም፤ ስለዚህ የእናንተን ራሳችሁ ቁጠሩ።

ሙከራ የሚከሽፍበት ዋና ምክንያት ማጠሩ ነው። ከየትም ተነሥቶ የትም የማያደርስ 300 ሜትር መስመር ባዶ ይውላል፤ ከዚያ «ማን ሄደበት?» ይባላል። የስፔኗ ሴቪያ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 80 ኪሎ ሜትር የተያያዘ መስመር ዘርግታ ነው ብስክሌት ነጂ ያገኘችው። ቢያንስ ትምህርት ቤት፣ ገበያና ፌርማታ የሚያገናኝ አንድ ሙሉ ጉዞ ይሞከር። ቀለም ብቻ ከሆነ መኪና ይቆምበታል፤ ከባድ የዛፍ ገንዳ ወይም በቦልት የሚታሠር የጎማ ጠርዝ በየ3 ሜትሩ ይቀመጥ።

ቁጥር ክርክሩን ሁልጊዜ እንደማይዘጋውም ይወቁ። በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ የብሎር ጎዳና መስመር በ2016 እ.ኤ.አ. ለሙከራ ተዘርግቶ፣ የደንበኞች ወጪ እንደጨመረ በጥናት ታይቶ፣ ከተማው ቋሚ ካደረገው በኋላ ቶሮንቶ የምትገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት በ2024 እንዲነሣ የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ማንሣቱ የሰውን ሕይወት ለአደጋ የሚዳርግና ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ የቆጠራችሁበትን ወረቀት ከነቀኑና ከነቆጣሪው ፊርማ አስቀምጡ። ሁለተኛው ቆጠራ ከመጀመሪያው ጋር በተመሳሳይ ወቅት ይደረግ፤ በበጋ የተቆጠረ ብስክሌት ከክረምቱ ጋር አይወዳደርም። ስድስት ወር የተባለው ሙከራ ለአንድ ዓመት ቢራዘም የምንመርጠውም ለዚሁ ነው።